ባዶ ነው ያልኩት ዲስክ

ድንበር ማዶ፣ ዶካ በምትባል ከተማ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ንዴቴ ቅርብ ነው፤ ደንበኞቼም ያውቁታል። አንዲት እናት ከባሱንዳ መጥተው፣ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቀስ ብለው ሲፈቱ እንኳ "እማማ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ!" ብያለሁ። የቋጠሩት የኮምፒውተር ዲስክ ነበር።

ልጃቸው በየእርሻው ካምቦ እየዞረ ሰሊጥ አጫጆችን ፎቶ ያነሳ ነበር። ባለፈው ክረምት የራሃድ ወንዝ ሞልቶ ወሰደው፤ ሬሳው አልተገኘም።

"ሙት ዓመቱ ደረሰ" አሉኝ። "ሬሳ የለኝ፣ ፎቶ የለኝ። ምን ታቅፌ ላልቅስ፣ ልጄ?"

ዲስኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሳጥን ውሃ ገብቶበታል። እኛ ጠጋኞች እንደለመድነው ሰብሬ ጣልኩትና ዲስኩን ብቻውን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት። ያለውን ሁሉ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል ቀዳሁ፤ ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን እናትየው አጠገቤ ተቀምጠው፣ ኮምፒውተሩ ያን ፋይል እንደ እውነተኛ ዲስክ እንዲከፍተው አዘዝኩት። ባዶ። ደገምኩት። ባዶ።

"ምንም የለውም፣ እማማ።"

ዲስኩን ከነገመዱ አንስተው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

"ይተነፍሳል" አሉ። "ባዶ ነገር ይተነፍሳል እንዴ?"

በስመ አብ! የዲስኩ ሞተር ነው ልላቸው ስል ወደ ውጭ አየሁ። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ተነስቶ ፀሐይዋን ሸፍኗታል፤ በእኩለ ቀን ሱቁ ደም መስሏል። ፈራሁ።

ከፍርሃቴ የተነሳ ነው ደግሜ ያሰብኩት። ዲስክ እንደ እርሻ በፈር ይቆጠራል። ኮምፒውተሩ እንዲህ ላለው ከፋይል ለተሠራ ዲስክ፣ ሌላ ካልነገሩት በቀር፣ አንዱን ፈር አምስት መቶ አሥራ ሁለት ባይት ያደርገዋል። የጣልኩት ሳጥን ግን አራት ሺህ ዘጠና ስድስት እያደረገ ነበር የኖረው፤ ስምንት እጥፍ። ፎቶዎቹ የሚጀምሩበትን ፈር በጠባቡ ስቆጥር፣ ምንም ያልተዘራበት ዳር ላይ ቆሜ ነው ባዶ ያልኩት። አፈርኩ።

ቁጥሩን ቀየርኩት፤ ፎቶው ተዘረገፈ። አጫጆች፣ ሾፌሮች፣ ሻይ ሻጮች። እሱ የለም። አንሺው እሱ ነዋ! ግን በየፎቶው መሬት ላይ አንድ ትከሻው ያዘነበለ ጥላ ተጋድሟል። ሰዎቹ ይለዋወጣሉ፤ ጥላው ያው ነው።

"ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ ነው" አሉ እናትየው፣ የጥላውን ትከሻ በጣታቸው እየዳበሱ።

ቀጥሎ የመጣው ፎቶ ላይ እኔ ነኝ። ሱቄ በር ላይ ቆሜ እስቃለሁ፤ ጥላው እግሬ ድረስ ደርሷል። መቼ እንደተነሳሁ አላስታውስም። ማን እንዳነሳኝም።

እናትየው ወደኔ ዞሩ።

"እዚህ ላይ አንተ እኮ እያየኸው ነው። እሱስ ይስቅ ነበር?"

መልኩን በሐሳቤ ፈለግሁት፤ ፈለግሁት። የለም።

"አዎ፣ እማማ" አልኩ። "ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር።"

"እንግዲያው ይህንን ፎቶ በወረቀት አትምልኝ።"

በሙት ዓመቱ ቀን ባሱንዳ ሄድኩ። እናትየው ፎቶውን፣ የእኔን ሳቅ፣ ታቅፈው ያለቅሱ ነበር።