የናፊያ ሁለት ዲግሪና አርባ ለቀስተኞች

ናፊያን ሐረር፣ ኤረር በር አካባቢ የማያውቃት የለም። ሥነ ጥበብና ፋይናንስ አንድ ላይ የምትማር፣ የሰፈሩ ብቸኛ ባለ ጥምር ዲግሪ እሷ ናት። ጠዋት ስለ ቀለም፣ ከሰዓት ስለ ወለድ ስትማር ትውላለች። ሰፈሩ ግን ይኼን ነገር አልተቀበለውም። «ወይ ሥዕሏን ትሳል፣ ወይ ባንክ ትግባ፤ ሁለት ቦታ መንጠልጠል ምን የሚሉት ነው?» ይባላል። ያሳደጓት አክስቷ ወይዘሮ ሳዳ ብቻ «የኔ ልጅ ባለ ሁለት ጭንቅላት ናት» እያሉ ይኩራሩባታል። ምን እንደምትማር ቢጠየቁ ግን ወሬ ይቀይራሉ።

አራተኛው ዓመት ላይ ጣጣ መጣ። ለሁለቱም ትምህርት የመመረቂያ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ጊዜው ደግሞ ለአንዱም አይበቃ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ሥራ ለሁለቱም እንዲያዝላት ፈቀደ፣ ግን በቅድመ ሁኔታ፤ ከሁለቱም ክፍል መምህራን ካልፈረሙበት አንዱን ዲግሪ ትተወዋለች። አራት ዓመት እንቅልፍ አጥታ አንዱን መጣል ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ታዲያ ምን መረጠች? የአክስቷን የአክርማ ስፌቶች። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞሉትን ስፌቶች ጥለታቸውን ለሥነ ጥበብ፣ ዋጋቸውን ለፋይናንስ ልትጽፍ አሰበች። መምህራኑም ቅዳሜ ቤት ድረስ መጥተው ሊያዩላት ቀጠሯት።

ቅዳሜ ማልዳ ተነስታ ስፌቶቹን ሁሉ አወረደቻቸው። መደቡ ላይ ደርድራ ቁጥር ለጠፈችባቸው፤ እየለካች ፎቶ ታነሳለች። አንዴ ጓዳ ገባ እንዳለች ጎረቤቷ ዋፊቃ ወንፊት ልትዋስ ብቅ አለች። የተራቆተውን ግድግዳ አየች፣ ምንም አልጠየቀችም፣ ዞራ በመጣችበት እግሯ ከነፈች።

አልፈርድባትም። ወይዘሮ ሳዳ እነዚያን ስፌቶች ከግድግዳ ያወረዱት በዕድሜያቸው አንዴ ነው፣ ባላቸው የሞቱ ዕለት። እንግዲህ አሁን ማን ሞተ? ወይዘሮ ሳዳን ዋፊቃ ያን ጠዋት ገበያ ላይ በዓይኗ አይታቸዋለች። የቀረችው ናፊያ ናት። «ያ ሁሉ ትምህርት ነው የጨረሳት» ብላ ለአፎቻው አስነገረች። አፎቻ የሐረር ሴቶች እድር ነው፤ ከለቅሶ የቀረች ትቀጣለች፣ ስለዚህ የምትቀር የለችም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አርባ ሴቶች በሩ ላይ ደረሱ። በሩን የከፈተችላቸው ሟቿ ናት፣ በእጇ ሜትር ይዛ።

«ኢና ሊላሂ...» ብለው የጀመሩት የአፎቻው መሪ ወይዘሮ ሐዋ ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ደህና ነሽ?» አሉ፤ ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«እንግዲህ አንዴ ሥራችንን ጥለን መጥተናል» አሉና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። የቀሩትም ተከትለዋቸው መደቡን ሞሉት። ወይዘሮ ሳዳ ከገበያ ሲመለሱ ቤታቸው ለቀስተኛ በለቀስተኛ ሆኖ አገኙት፤ ነገሩ እስኪገባቸው ድረስ ናፊያን አቅፈው ስለ ናፊያ አለቀሱ።

በዚህ መሀል መምህራኑ ደረሱ፤ የሥነ ጥበቡ መምህር ኒቆዲሞስና የፋይናንሱ መምህር አሰፋ። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው አስቀመጧቸው። ናፊያ ላብ እያጠመቃት ማስረዳት ጀመረች፤ እስከ አሥራ ስድስተኛው ስፌት ድረስ ደህና ሄደ። አሥራ ሰባተኛው ላይ መምህር አሰፋ ብዕራቸውን አቆሙ።

«እዚህ ጋ ዋጋው የለም።»

«አይሸጥማ» አሉ ወይዘሮ ሳዳ። «የእናቴ እጅ ነው።»

«ባይሸጥም ቁጥር ያስፈልገዋል። ባዶ ቦታ ላይ አልፈርምም።»

«እሱ ላይ ብር ከጻፍሽበት ደግሞ እኔ አልፈርምም» አሉ መምህር ኒቆዲሞስ።

ናፊያ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን መምህር አየች። አንዱን ስትይዝ አንዱ ሊያመልጣት ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ወይዘሮ ሐዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሳዳ፣ እናትሽ ይኼን ሰፍታ እስክትጨርስ ስንት ጊዜ ፈጀባት?»

«ሁለት ዓመት።»

«እሷ ብቻዋን ነበረች፤ እኛ አርባ ነን። ይኼ ስፌት ቢጠፋ ሌላ ልንሰፋልሽ አይደል? በይ ዋፊቃ፣ ስንት ቀን ትሰፊላታለሽ?»

«አሥር» አለች ዋፊቃ፤ የሰው ነፍስ አጥፍታ ስለነበር ቸርነቷ አይደንቅም።

ተራ በተራ ተጠየቁ። አንዷ ስድስት፣ አንዷ ዘጠኝ፣ አንዷ ዓይኗ ስለደከመ አራት። መምህር አሰፋ ይደምራሉ። «ይኼማ መጽሐፍም ላይ አለ፣ የመተኪያ ዋጋ ነው» አሉ ፊታቸው ፈካ ብሎ። መምህር ኒቆዲሞስም ብር ስላልተጠራ አልተቃወሙም። ሦስት መቶ ስድስት ቀን ሆነ።

«ቆይ፣ አላለቀም» አሉ ወይዘሮ ሐዋ። «አንቺስ ናፊያ? ስንት ቀን?»

ናፊያ ሜትሩን መደቡ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ... መስፋት አልችልም» አለች።

አርባ ሴቶች ተያዩ። የማንንም ስፌት ስም ከነጥለቱ የምታውቅ፣ ሁለት ዲግሪ የተሸከመች ልጅ አንዲት ዙር መስፋት አትችልም። ናፊያ ከእፍረቷ የተነሳ መሬት ብትውጣት ወደደች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ወይዘሮ ሳዳ ቀስ ብለው። «ትማር ብዬ ነው ወስፌ ያላስያዝኳት።»

ናፊያ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ስሟን ጻፈች፤ ፊት ለፊቱ ዜሮ አደረገች። መምህር አሰፋ ፈረሙ፣ መምህር ኒቆዲሞስም ፈረሙ። እሷ ወረቀቱን እንኳ አላነሳችውም። ከአክስቷ እግር ሥር ተቀምጣ «አሳዩኝ» አለች።

ወስፌና አክርማ ሰጧት። ሴቶቹ እያዩዋት እየተደናበረች አንዲት ዙር ሰፋች። ወይዘሮ ሳዳ ተቀብለው አዩላት፣ ዙሩን ፈቱና መልሰው ሰጧት።