አረፋው የጠፋበት ወንዝ

በ2014 ዓ.ም. ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያን ዓመት ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ፍኖተ ሰላም እኔው ቤት ተመለሰችና፣ ከእህል ክፍሉ ገብታ ቀኑን ሙሉ ጌም ላይ ተተከለች። ሥራ ነው አለችኝ። አላመንኋትም። በጨዋታ የሚበላ እንጀራ ቁማር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እሷ እንደምትለው፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ትልቅ ጨዋታ አለ። አንድ ትንሽ ፍጡር እየዘለለ፣ እንቆቅልሽ እየፈታ መንገዱን ይሄዳል። ባለቤቶቹ ውጭ አገር ናቸው። ልጄ ያንኑ ጨዋታ በመዳፍ ለምትያዝ፣ አቅም ለሌላት መጫወቻ ታሳንሰዋለች። ሁለት ጊዜ ልካላቸው ሁለት ጊዜ መለሱባት። ሦስተኛ ከመለሱባት ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። እኔም ለአጎቷ «ያን ጊዜ ደምበጫ መጥታ ሱቅህ ትቆማለች» ብየ ቃል ሰጥቸ ነበር።

ለሦስተኛ ልትልክ ባለችበት ቀን ከኋላዋ ቁሜ አየሁ። በትልቁ ላይ ዛፍ አለ፣ ደመና አለ፣ ወፍ አለ፤ በትንሿ ላይ ግማሹ የለም።

«የሰው ዕቃ ነው የምትቀንሺ?» አልኋት። «በቁና ተቀብሎ በጣሳ የሚመልስ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

«አባየ፣ ይች አትችልማ! የአጋሰስ ጭነት በውርንጭላ ይጭናሉ እርስዎ?»

«ምላስሽስ አልቀነሰ። አምጭ እስቲ!»

እየሳቀች ሰጠችኝ፤ የሚጫኑትን ቁልፍም አሳየችኝ። ፍጡሩ ከወንዝ ደረሰ። ወንዙ ላይ ድንጋዮች አሉ። አንዱን ብረግጥ ሰመጠ። ሌላውን ብረግጥ ሰመጠ።

«የሚጸናው በምን ይታወቃል?»

«እየሞከሩ ነዋ።»

«የላህን ወንዝ በክረምት እየሞከረ የተሻገረ ሰው ሬሳው ነው የወጣ። በትልቁ አሳይኝ።»

በትልቁ ላይ አንዳንዱ ድንጋይ ዙሪያውን ነጭ አረፋ ለብሷል። እኔ በሬ እየነዳሁ ላህን የተሻገርሁት በዚሁ ነው፤ አረፋ የከበበው ድንጋይ ሥር አለው፤ ውኃው ዝም ብሎት የሚያልፈው ይከዳል። ልጄ ከተማ አድጋ፣ አረፋው ጌጥ መስሏት ጠርጋዋለች።

«የሚንቀሳቀስ ውኃ እኮ ነው የዚችን አቅም የሚጨርሰው» አለች፣ ድምጿ ቀንሶ።

«ደመናውን አንሺዋ! ወንዝ የሚሻገር ሰው ሰማይ አያይም።»

ትልቁንና ትንሿን ጎን ለጎን አድርጋ አየች። ኋላ ደመናውን አነሳች፤ ወፎቹንም። በሚጸኑት ድንጋዮች ዙሪያ ብቻ የማይንቀሳቀስ ነጭ ክብ አደረገች። ፍጡሩን ራሴ አሻገርሁት። ላከችው።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። እንባዋን እየጠረገች «ተቀበሉት፤ ወንዙንማ ለብቻው አመስግነዋል» አለችኝ። እንዲህ ቶሎ የሚያመሰግን ሰው አልወድም። ደግማ እንድታነብልኝ አደረግሁ። ያው ነው። አጎቷ ግን የምትቆምበትን ቦታ ሳይቀር ጠርጎ ይጠብቃታል። የሰጠሁትን ቃል ደግሞ በስልክ አላነሣም፤ ስልክ አላምንም።

በማግሥቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ደምበጫ ሄጄ፣ ከሱቁ ደጃፍ ቁሜ «ልጅቷን አትጠብቅ» አልሁት።