በኖራ የሸፈንነው ስንጥቅ

ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ስሜን እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፤ ሌላውን ቀስ እያልኩ ነው። ይህንንም ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው።

መንደራችን ከአንኮበር ቁልቁል ወርዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱን በእንጨትና በጭቃ ያቆምነው እኛው ነን። ባለፈው ክረምት የሁለተኛ ክፍል ግድግዳ ተሰነጠቀ። እጄን ስከተው እስከ አንጓዬ ይገባል። የልጅ ልጄ የምትቀመጠው እዚያው ስር ነው።

ከመስቀል በኋላ፣ የሚታደሰውን ትምህርት ቤት የሚመርጡ ባለሙያዎች ከወረዳ ሊመጡ ነው ተባለ። እኛ ዘንድ እንግዳ የሚመጣበት ቤት አስቀድሞ ይመረጋል። የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝና መንደሩን አስነሣሁ። ሴቶቹ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቦኩ፣ ወንዶቹ መረግን፣ ላዩን ኖራ ቀባነው። አንድ ጎረቤቴ ብቻ እጁን አጣምሮ ቆመ።

“አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም ሲመጣ ቁስልህን ትደብቃለህ?”

“በእንግዳ ፊት ልታዋርደን ነው? ዞር በል ከዚህ!” አልኩት።

እንግዶቹ መጡ፣ ዞረው አዩ። “ከተማ ያለው እንኳ እንዲህ አይጸዳም” አሉን። ደረቴ ተነፋ። ወረቀት ሰጡኝ፤ ሳላነበው ፈረምኩ።

የማደሻው በጀት ለከተማው ትምህርት ቤት መሰጠቱን ስሰማ ወረዳ ድረስ ወጣሁ።

“የከተማው ብሎኬት ነው፣ የእኛ ጭቃ ነው። ለአንዱ ሰጥታችሁ ሌላውን መተው ምን የሚሉት ፍርድ ነው?” ብዬ ጮኽኩ።

ሠራተኛው ትሑት ልጅ ነው። ወረቀቱን አወጣ። “አባቴ፣ የእናንተ ‘በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ’ ተብሎ ነው የተመዘገበው። ይኸው ፊርማዎ።”

“የእነሱስ?”

“ጣሪያችን ያፈሳል ብለው ጻፉ፣ ፎቶ አያያዙ። እናንተ ቀባችሁት። እንግዲህ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቁ።”

በልግ ገባ፣ ዝናቡም መጣ። ፍርሃት የያዘኝ ያኔ ነው። ስንጥቁ ሲታይ በእጄ እለካው ነበር፤ አሁን ከኖራው ኋላ ምን እየሠራ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ልጅቱ ከትምህርት ስትመለስ ሹራቧን ሳራግፍ ከአንገትጌዋ አፈር ይረግፋል።

“አባባ፣ ግድግዳው እኮ ያንሾካሹካል” አለችኝ።

“ምን ይላል?”

“ሸረር፣ ሸረር ይላል። ከዚያ ዝም ይላል።”

እኔ የፈራሁት ዝም የሚለውን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ በር ላይ ቆሜ መምህርቷን ጠራኋት። “የእኔን ልጅ ከዚያ ግድግዳ ስር አንሺልኝ።”

“እሺ አባባ” አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ሌላ ቦታ ግን የለኝም። በእሷ ፋንታ የማንን ልጅ ላስቀምጥ? እርስዎ ይምረጡልኝ።”

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። አባቶቻቸውን አውቃለሁ፤ አብረን ነው ግድግዳውን የመረግነው። ወረዳ ድረስ ሄጄ ‘ለአንዱ ሰጥታችሁ ሌላውን ተዋችሁ’ ያልኩት እኔው ነኝ።

“ሁሉንም አስወጪ” አልኳት።

“ዝናብ ነው እኮ! ወዴት?”

“እኔ ቤት።”

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ዶማዬን አምጥቼ ኖራውን መፋቅ ጀመርኩ። በመታሁት ቁጥር ማገሩ ይንቋቋል። ያ ጎረቤቴ ባላ እንጨት ተሸክሞ መጣና ግድግዳውን ደገፈው።

“ቀስ በል፣ ግትር! ራስህን ልትቀብር ነው?”

ምርጊቱ ባንድ ጊዜ ተገምሶ ወደቀ። በስንጥቁ ማዶ፣ ከገደሉ ሽቅብ የሚወጣው ጉም ታየን። ሁለታችንም ወደ ኋላ ሸሸን። የልጅ ልጄ መቀመጫ በጭቃ ተሸፍኗል።

ጎረቤቴ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ። ለወረዳ የሚላከውን ወረቀት እኔ በእጄ ጻፍኩ፦ ‘ግድግዳው ተሰንጥቋል። ደብቄው ነበር። ኑና እዩት።’ ፈረምኩ። ይኸኛውን ሦስቴ አንብቤዋለሁ።

ከወረዳ እስካሁን ማንም አልመጣም። ልጆቹ እኔ ቤት ተፋፍገው ይማራሉ። ዝናቡም አላባራም። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ግድግዳውን አየዋለሁ፤ በየቀኑ ከትናንቱ ትንሽ ራቅ ብዬ እቆማለሁ።