መሐላ የገቡልኝ አስተርጓሚ

ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ የመረጥኩት ርዕስ፣ አረጋውያን ለሕይወታቸው የሚሰጡት ትርጉም ከደስታቸውና ከጤናቸው ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚመረምር ነበር። የሥነ ልቦና ተማሪ ነበርኩ። መጠይቁን ከፈረንጅ ቋንቋ ወደ አማርኛ የመለስኩት ራሴ ነኝ። ዐረፍተ ነገሩ ይነበባል፤ ተጠያቂው ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር ይሰጣል። አንድ «በፍጹም አልስማማም»፣ ሰባት «በጣም እስማማለሁ» ማለት ነው። ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ሳነበው እንደ ውኃ ይፈስ ነበር።

ችግሩ አገውኛ አለመቻሌ ነው። እናቴ አፏን የፈታችው በአገውኛ ቢሆንም እኔን ቆሰበር ከተማ ውስጥ በአማርኛ አሳደገችኝ፤ አገውኛዋን ለቁጣና ለምስጢር አስቀረችው። ስለዚህ በአገውኛ ስሰደብ ይገባኛል እንጂ መጠየቅ አልችልም። የምፈልጋቸው ሽማግሌዎች ደግሞ አብዛኞቹ ገጠር ነበሩ። እናቴ አስባ አስባ አንድ የሰፈራችንን ሰው ጠቆመችኝ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በፍርድ ቤት ሲያስተረጉሙ ኖረው በቅርቡ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው።

በቀጠሯችን ቀን ጉሙ ገና ሳይገለጥ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። መጠይቁን ሰጠኋቸው። ርዕሱን ጮክ ብለው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ትርጉም መቼም ሥራዬ ነው፤» አሉ። «ይኼ የሕይወት ትርጉም የምትይው ግን ከምን ቋንቋ ወደ ምን ቋንቋ ነው?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ግምጃ ቤት ወደምትባለው መንደር በሚወስደው መንገድ፣ ባጃጁ እየዘለለ፣ ትርጉም ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ሳስረዳቸው ሄድኩ። ሲያዳምጡ ቆይተው፣ እንዲህ ከሆነማ ቀላል ነው አሉኝ።

የመጀመሪያዋ ተጠያቂያችን ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። የቀርከሃ አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ለዘር የሚሆን ድንች ይመርጣሉ። እርጎ አቀረቡልንና ሥራቸውን ሳይተዉ ጀመርን። እኔ «ሕይወቴ ግልጽ ዓላማ አለው» የሚለውን አነበብኩ። አስተርጓሚዬ ረጅም ነገር አወሩ፤ ወደ ማሳው ጠቆሙ፤ አሮጊቷም ረጅም ነገር መለሱ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰባት» አሉኝ።

ምን ብለው እንደጠየቋቸው ስጠይቅ፣ ዛሬ ጠዋት ለምን ተነሱ እንዳሏቸው ነገሩኝ። እሳቸውስ ምን አሉ? ድንቹን ማን ይመርጥልኛል አሉ። ታዲያ ሰባት ከየት መጣ?

«እሱን እኔ ነኝ የሰጠኋቸው፤ ይገባቸዋል።»

ሁለተኛውም ሦስተኛውም ጥያቄ እንዲሁ ሆነ። አራተኛው ላይ ስንደርስ ግን አስተርጓሚዬ ጭራሽ እንቢ አሉ። ዐረፍተ ነገሩ «ሕይወቴ ባዶ እንደሆነ ይሰማኛል» የሚል ነው። እርጎ ላቀረበልኝ ሰው ይህን አልናገርም አሉ። ደሜ ፈላ። ከአጥሩ ውጭ ወሰድኳቸውና ፍርድ ቤትም እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«እዚያ እኮ መሐላ አለ፣ ልጄ። የማልኩ ዕለት ስድብም ቢሆን እንዳለ ነው የማስተላልፈው።»

«እንግዲያው ይማሉልኝ» አልኩ። ድፍረቱ ከየት እንደመጣልኝ ዛሬም አላውቅም። እሳቸው ግን አላመነቱም። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ቀኝ እጃቸውን አነሱ፣ የሚባለውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ሊያስተረጉሙ ማሉልኝ። የተመለከተችን አንዲት የታሰረች ጊደር ብቻ ናት።

ተመልሰን ስንገባ ድምፃቸው ሌላ ነበር፤ የችሎት ድምፅ። ዐረፍተ ነገሩን ቃል በቃል አሉት። አሮጊቷ እጃቸው ላይ የነበረውን ድንች አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱና ብዙ ተናገሩ። አስተርጓሚዬ ፊታቸውን ሳያንቀሳቅሱ በእሳቸው አፍ ሆነው አስተላለፉልኝ።

«ሕይወቷ ባዶ ነው ብሎ የከሰሰኝ ማን ነው? ስሙን ንገሪኝ። ባሌን በወጉ የቀበርኩ ሴት ነኝ። ጎተራዬን ገብታችሁ እዩ። ምስክር ካስፈለገ ከጎረቤት አስጠራለሁ።»

ሪዛሙ አስተርጓሚዬ «ባሌን የቀበርኩ ሴት ነኝ» ሲሉ መሳቅ አማረኝ፤ ግን የደነገጥኩት ይበልጥ ነበር። ተነስቼ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ክስ እንደሌለ፣ ከሳሽም እንደሌለ፣ ተማሪ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ይህም ቃል በቃል ተተረጎመ። አሮጊቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ አዩኝና አንድ አጭር ነገር አሉ። አስተርጓሚዬ ወደ መሬት አዩ። ከመማላቸው በፊት ቢሆን ይውጡት ነበር።

«የአንቺስ ስንት ነው? ብለዋል።»

መጠይቁን ለብዙ ሰው ላነብ አባዝቼው ነበር እንጂ ለራሴ አንድ ቀን አልሞላሁትም። ያን ሰሞን ከጽሑፌ በቀር ወሬ አልነበረኝም፤ እናቴ ስትጠራኝ እንኳ ዓይኔን ከኮምፒውተሩ አላነሳም ነበር። ልዋሽ አሰብኩ፤ ከዚያ አፈርኩ። «አራት» አልኩ።

ሁለቱ ተነጋገሩ። አሮጊቷ ከንፈራቸውን መጠጡና በእጃቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። አራት የደከመው ሰው ቁጥር ነው፤ ተቀመጪና ድንቹን አብረሽን ምረጪ አሉ ተባልኩ።

ተቀመጥኩ። አስተርጓሚዬም ኮታቸውን አወለቁ። የበሰበሰው ወደዚህ፣ ለዘር የሚሆነው ወደዚያ። እጃችን ሥራ ሲይዝ አሮጊቷ ያልጠየቅኳቸውን ያወሩ ጀመር። ስለ ባላቸው፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስለወለዱበት ክረምት፣ ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ማን አጠገብ እንደሚቆሙ፣ አንዳንድ ቀን ጎጆዋ እንደምትሰፋባቸው። መጠይቄ የሚፈልገው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። እጄ ጭቃ ስለነበር ግን አንድም አልጻፍኩም።

በሳምንቱ ለአማካሪዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ተቆጡ፤ ከዚያ እንደገና ጀምሪ አሉኝ። እኔና አዛውንቱ እናቴ ቤት ተቀምጠን እያንዳንዱን ጥያቄ አፍርሰን ሠራነው። አንዱን ጥያቄ አሮጊቷ ዘንድ ሦስት ጊዜ ይዘነው ሄደን ሦስቴም «አልሆነም» ብለው መለሱን። የባዶነቱ ጥያቄ በመጨረሻ «ቤቱ የሚሰፋብዎ ቀን አለ?» የሚል ሆነ፤ ራቅ ወዳለችው አዘና ከተማ ድረስ ይዘነው ስንሄድ ሰው ሁሉ ሳይቆጣ መለሰልን፤ አንዳንዱም አለቀሰ።

ጽሑፌን ስከላከል አዛውንቱ ከረባታቸውን አስረው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥቂት አርሚ ተብዬ አለፍኩ። አሁን ሌሎች ተማሪዎችም እሳቸውን ፈልገው ይመጣሉ። ባለቤታቸው ለእናቴ እንደነገሯት፣ ጡረታ የወጡ ሰሞን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ረፋድ ድረስ ይተኙ ነበር። አሁን በጠዋት ተነስተው ቤተሰቡን በጥያቄ ያስጨንቃሉ። በትዳራቸው ምን ያህል እንደሚደሰቱ ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር እንዲሰጡ ባለቤታቸውን ቢለምኗቸው ቢለምኗቸው፣ ሴትዮዋ እስካሁን እንቢ እንዳሉ ናቸው።