ከእህቴ ጋር የተጋራነው ፎልደር

እህቴ ትዳሯ ፈርሶ ጎሮ ወዳለው ኮንዶሚኒየሜ ስትመጣ፣ ከልብሷ ሌላ የያዘችው አሮጌ ኮምፒውተሯን ብቻ ነበር። የቤት ፕላን ትሠራለች። እኔ ሰነድ ተርጓሚ ነኝ። ሁለታችንም ከቤት ስለምንሠራ ኢንተርኔት ያስፈልገናል፤ መስመሩ ግን የሚገባው በእኔ ክፍል ነው፣ የእሷ ኮምፒውተር ደግሞ ዋይፋይ አይቀበልም። ረጅም ኬብል ገዛሁና ከራውተሩ አውጥቼ፣ በግድግዳው ጥግ ጥጉን ወስጄ፣ በበሯ ሥር አስገባሁላት። ከዚያ በኋላ በሯ ገጥሞ አይዘጋም ነበር። ቅር ይላት ይሆን ብዬ አስቤ ነበር፤ ምንም አላለችም።

በዚያ ሰሞን ስለምንም ነገር ብዙ አትናገርም። ታላቄ ናት፤ ልጅ ሆነን ቤቱን በወሬ የምትሞላው እሷ ነበረች። አሁን ምሳ በልታ፣ ሳህኑን አጥባ፣ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ስለ ባሏ አልጠየቅኳትም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር ባለቤቱ ካላነሳው ሌላው አያነሳውም።

ፕሪንተሩ እኔ ጋ ስለነበር በኮምፒውተሬ ላይ ሁለታችንም የምንከፍተው አንድ ፎልደር አዘጋጀሁ። ፕላኗን እዚያ ታስቀምጣለች፤ አትሜ አደርስላታለሁ። እኔም አንዳንዴ የሚያስቅ ፊልም አገኝና እጥልላታለሁ። ማየቷን አትነግረኝም፤ ሳቋ ግን ይሰማኛል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሯ መንኮሻኮሽ ጀመረ። ሥራዋ ሁሉ ሊጠፋ መስሏት ደነገጠች። ያላትን በሙሉ ወደምንጋራው ፎልደር እንድትገለብጥ ነገርኳትና፣ በትክክል መምጣቱን ለማየት እኔ ጋ ከፈትኩት። ፕላኖቹ ተራ በተራ ገቡ። ከእነሱ ቀጥሎ «ሠርግ» የሚል ፎልደር መጣ።

ሳታስተውል የላከችው መሰለኝ። ተነስቼ በሯ ላይ ቆምኩና፣ «የሠርጉም ፎቶ አብሮ እየመጣ ነው፤ ይቅር?» አልኳት።

ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። «አታጥፋው» አለችኝ። «እማዬ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው።»

እናታችን ከሠርጉ በኋላ ብዙም በሕይወት አልቆየችም። ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር፤ ካሜራ ስታይ ወይ ሰው ጀርባ ትገባለች ወይ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። የልጇ ሠርግ ላይ ግን ሁሉንም ረስታው ነበር።

እህቴ ወንበሯን ይዛ ወደ ክፍሌ መጣች፤ እማዬ ያለችባቸውን ለይተን ለብቻ ልናስቀምጥ ተስማማን። እማዬ ግን የትም ለብቻዋ አልነበረችም። አንዱ ላይ ሙሽራውን ታጎርሳለች። ሌላው ላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ እሱ እጇን ይዟት ትጨፍራለች፤ አፏን ከፍታ ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ የሚያሳይ ሌላ ፎቶ የለንም።

«ከዚህ እሱን ቆርጬ ላውጣው?» አልኳት።

ፎቶውን አተኩራ አየችው። «ተወው። እጇን የያዘው እሱ ነው፤ እሱን ስትቆርጥ እጇም ይሄዳል።»

«እማዬን ይወዳት ነበር፤ ይህን አልክድም» አለች።

ስሙን ባትጠራም ስለ እሱ ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነበር። እማዬ በታመመች ጊዜ ሐኪም ቤት ያመላልሳት የነበረው እሱ እንደሆነ፣ ከቀብሯ በኋላ እሷና ባሏ የሚያወሩት እያነሰ እንደሄደ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቤት ውስጥ በስልክ መልእክት ብቻ ይነጋገሩ እንደነበር ነገረችኝ። ማን እንደበደለ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ፋይሉ ተገልብጦ አልቆ እንኳ አልተነሳችም።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ላይ ማውራት ጀመርን። ሁልጊዜ አይደለም፤ ዝም የምትልባቸው ቀናት ነበሩ። በፊት አለመጠየቄ ዝምታዋን ማክበር ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው፣ ብጠይቃት የምመልስላት ስለሌለኝም ፈርቼ ነበር።

ዘንድሮ ቦሌ ቡልቡላ ቤት ተከራይታ ወጣች፤ አዲስ ላፕቶፕም ገዝታለች። ፋይሎቿን ሁሉ በፍላሽ ሰጠኋት። የእማዬን ፎቶዎች ከእኔም ኮምፒውተር እንዳላጠፋቸው ስትነግረኝ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ከዚያ ታክሲው ደረሰና ሻንጣዋን ይዤላት ወረድን።