አሥራ ዘጠኝ የበሬ እግር

በጎጃም ምድር ከጭቃ በሬ በመሥራት የሚስተካከለኝ ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ገና ዳዴ እያለ ነው። የእኔን በሬ ያየ ገበሬ ቀንበር ይዞ ይመጣል፣ ላም ያየችው እንደሆነ ገመዷን በጥሳ ትከተለዋለች። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስደሰኩር ከረምኩና የመጀመሪያውን በሬዬን አምጥቼ ተማሪዎቼ ፊት ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። ከፊት የተቀመጠች፣ የላይ ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ አንገቷን ሰበር አድርጋ ብዙ ተመለከተችውና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ጅብ ነው?» አለችኝ።

«በሬ ነው!»

«ታዲያ ሻኛው የታለ?»

«ከስቶ ነው» አልኩና ወደ ፊደል አለፍኩ።

እኔ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የዜሮ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ፊደልና ቁጥር የሚለማመዱት እኔ ዘንድ ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሪዜ፣ እንደ ጥንቸል እየዘለልኩ ነው እንጀራዬን የምበላው።

ክፍላችን የድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ጣራው ዝናብ ከውጭ ይልቅ ወደ ውስጥ ያዘንባል። ወለሉ አፈር ስለሆነ ቁንጫው ከተማሪው ይበልጣል፤ ስም ስጠራ ቀድሞ «አቤት» የሚለው እሱ ነው። አንድ ጊዜ የወላጅ ኮሚቴ በመስኮት ብቅ ቢል፣ ልጆቹ በሙሉ ትከሻቸውን እየሰበቁና ጎናቸውን እያከኩ ይዘላሉ። «እንዴት ያለ እስክስታ አስተምረሃቸዋል!» ብሎ አጨበጨበልኝ። እኔም ለምስጋና ጎንበስ አልኩ፤ በዚያውም ቁርጭምጭሚቴን አከክሁ።

ግቢው ውስጥ ግን ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ መስታወት የሆነ አዲስ ክፍል ተሠርቶ ተቆልፎ ተቀምጦ ነበር። ልጆቼ በእረፍት ሰዓት መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው ወለሉን ያዩታል። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ጠራኝ። አብሮ አደጌ ስለሆነ ማዕረጉን ትቼ ፊቱን ነው የማናግረው።

«ስማ» አለኝ፣ «ሐሙስ ሱፐርቫይዘሯ ከወረዳ ይመጣሉ። ልጆችህ ቁጥር ማወቃቸውን በዓይናቸው ካዩ ክፍሉ የናንተ ነው። ካልሆነ ለኮምፒውተር ይሆናል።»

«ኮምፒውተር አለን እንዴ?»

«ክፍሉ ካለ ይመጣል።»

«እኛ ዘንድ ደግሞ ልጆቹ መጥተዋል፣ የቀረው ክፍሉ ነው።»

«እሱን ለሳቸው ንገራቸው።»

አልፈራሁም። ክፍላችን ይፍሰስ እንጂ በመማሪያ ዕቃ ሀብታም ነበርን። ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠሩ ሙሽሮችና ሚዜዎች አሉን፤ ተረት ስንናገር እነሱ ናቸው የሚጫወቱት። የዘይት ጄሪካን ቆርጠን ሚዛን ሠርተናል። ፊደሉን በካርቶን ቆራርጠን ግድግዳው ላይ ሰቅለናል፤ «ሀ»ን ፍየል በላችብን እንጂ። ኩራቴ ግን ቆርኪ ነው። ደብረ ማርቆስ ካሉት ግሮሰሪዎች እየዞርኩ በጆንያ የሰበሰብኩት ነው። ልጆቼ ቆርኪ ይቆጥራሉ፣ ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ፤ ለባንክ ቢቀጠሩ አያሳፍሩም።

ረቡዕ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ክፍሉን ሊያይ ገባና አንዱን ቆርኪ አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የትምህርት መርጃ መሣሪያ።»

«የቢራ ነው!»

«ቢራው የለበትም።»

«ሴትየዋ የጸሎት ሰው ናቸው! ሕፃናቱን ከግሮሰሪ ያዋልናቸው ነው የሚመስለው። ይህን ሁሉ ማን ጠጣው ብለው ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ሰበሰብነው በላቸው።»

«አንተን አንድ ጊዜ ካዩህማ መልሱን አግኝተውታል። በል አንሳ!»

ቆርኪው በጆንያ ታስሮ እቃ ቤት ገባ። ለነገ የሚቆጠር ነገር አጣሁ። ከሰዓት በኋላ ከወንዝ ዳር ጥቁር ጭቃ አስመጣሁ፣ በጭድ አቦካሁና በሬ መሥራት ያዝኩ። ጥርስ የሌላት ልጅ ከጎኔ ቆማ «ሻኛ ጨምሩ! ጭራው ወፍሯል!» እያለች አሠራችኝ። ስም ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው፦ ቡሬ፣ ወይኖ፣ ጉራች፣ ቦራ እና ዳለቻ። ማታ ቤቴ ወስጄ ከምድጃ ዳር አደረቅኋቸው። ጠዋት በባጃጅ ሳመጣቸው ግን መንገዱ የታወቀ ነው፣ የዳለቻ አንድ የኋላ እግር ተሰብሮ ዱቄት ሆነ። ሆዱ ሥር የክብሪት ቀፎ ደግፌ አቆምኩት። ቆርኪ የቆጠረ ልጅ በሬ መቁጠር አያቅተውም ብዬ ሳላለማምዳቸው ቀረሁ።

ሱፐርቫይዘሯ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ደብተራቸውን ይዘው ገቡ። የባሕር ዛፍ ግንድ አግዳሚያችን ላይ ተቀመጡ፤ ወዲያው አከኩ። ርእሰ መምህሩ የአዲሱን ክፍል ቁልፍ በእጁ እያንቀጫቀጨ በሩ ላይ ቆመ።

«እስቲ የኔ ልጆች» አሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እነዚህ በሬዎች ስንት ናቸው?»

ልጆቹ እጃቸውን ከጀርባቸው ደበቁ። ቁንጫው እንኳ መዝለል አቆመ።

«እህ? ማን ይቆጥርልኛል?»

ጥርስ የሌላት ልጅ ተነሣች። «አይቆጠሩም።»

«ለምን?»

«ከብት ከተቆጠረ ያልቃል።»

በዓይኔ ሰማዩን ፈለግሁት፤ በጣራው ቀዳዳ አገኘሁት። በእኛ አገር ከብቱን የሚቆጥር ገበሬ የለም። ከብትም፣ ልጅም፣ የንብ ቀፎም አይቆጠርም፤ ዓይን ይገባበታል። «ስንት በሬ አለህ?» ብትለው «ተመስገን፣ አሉ» ይልሃል እንጂ ቁጥር አይወጣውም። ይህን አጥቼው አይደለም። ለጭቃ ይሠራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

«ልጆች፣ እነዚህ እኮ ጭቃ ናቸው!» አልኩ። «ጭቃ አይሞትም!»

«ዳለቻ እግሩ ተሰብሮ የለ?» አለ አንዱ ከኋላ። «ጋሼ ማታ ቆጥረዋቸው ነው!»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ገላመጠኝ። የበሬ ነፍሰ ገዳይ ሆኜ ቀረሁ። ሱፐርቫይዘሯ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። ርእሰ መምህሩ ቁልፉን ቀስ አድርጎ ወደ ኪሱ ሲመልሰው አየሁ፤ ሲሚንቶው ከነመስታወቱ አብሮ ኪስ ገባ።

«ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። «በሬውን ተዉት። እግሩን ቁጠሩ!»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እግር ይቆጠራል እንዴ?» አለች ጥርስ የሌላት ልጅ፣ ወደ ኋላ ዞራ።

«ይቆጠራል!» አለ ያ የከሰሰኝ ልጅ። «በቅርጫ ጊዜ አባቴ ይቆጥራል!»

ጉባኤው ፈቀደ። ጠረጴዛውን ከበቡና በጣታቸው እየነኩ፣ ጣራው እስኪነሣ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ከቡሬ ወደ ወይኖ፣ ከወይኖ ወደ ጉራች ተሻገሩ። «አሥራ ስምንት! አሥራ ዘጠኝ!» አሉና ቀጥ አሉ።

«ሃያ!» ብዬ በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«አሥራ ዘጠኝ!»

«ሃያ በሉ እንጂ፣ እናንተ!» ላቤ ሪዜ ላይ ደረሰ።

ሱፐርቫይዘሯም ግራ ተጋቡ። «ሃያ አይደለም እንዴ ልጆች? አምስት በሬ፣ አራት አራት እግር...»

«እ!» ብለው ልጆቹ በሙሉ አፋቸውን ያዙ። ሴትየዋ በሬዎቹን በጠራራ ፀሐይ ቆጠሯቸው!

ጥርስ የሌላት ልጅ ግን አልደነገጠችም። እጇን ሰድዳ የክብሪት ቀፎውን ከዳለቻ ሆድ ሥር ሳብ አደረገችው። «ይኸው! ይሄ እግር አይደለም፣ ክብሪት ነው!» ዳለቻ ተንገዳገደ፣ በጎኑ ወደቀ፣ አንገቱም ለሁለት ተሰበረ።

«አላልኩም?» አለ ያ ከኋላ። «ቆጠሩት፣ ሞተ!»

ሱፐርቫይዘሯ ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንባቸውን ጠርገው ወደ ርእሰ መምህሩ ዞሩና፣ «ሸምድደው ቢሆን ሃያ ይሉኝ ነበር። እነዚህ ያዩትን ነው የቆጠሩት። ክፍሉን ይክፈቱላቸው» አሉ። ቀጥለው እኔን አዩኝ። «እርስዎንም ከልጆቹ ጋር ቢያስቀምጡዎት ጥሩ ነው። ሃያ ያሉት እርስዎና እኔ ብቻ ነን።»

ሩጫውን ባያችሁት! ልጆቹ ሲሚንቶው ላይ በሆዳቸው ተንሸራተቱ፣ ጉንጫቸውን ለጥፈው ቅዝቃዜውን አዳመጡ። የዳለቻን ሬሳ በካርቶን ተሸክመው አምጥተው አዲሱ መስኮት ላይ አስቀመጡት። ቁንጫው መጋዘኑ ውስጥ ያለ አስተማሪ ቀረ።

ሱፐርቫይዘሯን እስከ አስፋልቱ ልሸኛቸው አብሬ ወጣሁ። ሚኒባስ እስኪመጣ ቆመን ስንጫወት ስለ ቤተሰብ ተነሣ።

«ለመሆኑ እርስዎ ስንት ልጆች አሉዎት?»

«ትልቋ አለች» አልኩ። «ከሷ ተከታዩ አለ። ደግሞ ሌላዋ... ተመስገን፣ አሉ።»

«ስንት?»

ሚኒባሱ ወዴት እንደቀረ ለማየት አንገቴን ወደ ደምበጫ በኩል አሰገግሁ። እሳቸው ግን የዋዛ ሴት አልነበሩም።

«እሺ፣ እግራቸውስ ስንት ነው?»

«ስምንት» አልኩ።

ሕፃናትን ቁጥር እያስተማርኩ ደመወዝ የምበላ፣ ባለ ሪዝ ሰው ነኝ። የገዛ ልጆቼን ግን ቆጥሬያቸው አላውቅም። እፈራለሁ።