ያላስተማሩት ቃል

ተማሪዎቹ ጋሽ ቀዩ ይሏቸዋል። የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ ስሙን ያወጣላቸው ቀይ እስክሪብቷቸው ነው። ድርሰት ሲያርሙ እሳቸው ያላስተማሩት ቃል ካገኙ ያሰምሩበታል፤ ከሦስት ቦታ በላይ ከተሰመረበት ኩረጃ ነው፣ ዜሮ። በቃ! ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲያርሙ ኖረው አንድም ሰው "ኧረ ይተዉ" ያላቸው የለም።

የዛሬ ሦስት ዓመት የጸጉር ሠሪዋ ልጅ ድርሰት አሥራ አንድ ቦታ ተሰመረበት። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ጭጭ ትላለች፤ ከትምህርት ስትመለስ ግን እናቷ ጸጉር ቤት ጥግ ተቀምጣ፣ ስልኳ ላይ የውጭ ፊልም እያየች ከተዋንያኑ ጋር ታወራለች። ይህን ማን ነግሯቸው! እናትየዋን አስጠርተው አሥራ አንዱንም ቃል አንድ በአንድ አነበቡላት።

"ልጅሽ የሰው ጽሑፍ ሰርቃ ነው ያመጣችው" አሏት።

"ቲቸር፣ ራሴ ነኝ የጻፍኩት" አለች ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ። አንዴ ብቻ።

እናትየዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ስልኩን ነጠቀቻት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀረች፣ እሳቸውም ረሷት። ደህና አድርገው ነው የረሷት።

ባለፈው ወር አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ቁርሷን ወዲያ ገፋ አድርጋ "አባባ፣ ዛሬ ለመብላት ትንሽ ሪላክታንት ነኝ" አለቻቸው፤ በእንግሊዝኛ ብዙም አላሰኘኝም ማለቷ ነው።

"ማን አስተማረሽ ይሄን?"

"ማን ያስተምረኛል፣ ከፊልም ነዋ! አንተ ደግሞ!"

የጠቀለሉትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱት። ቃሉ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጡ። ሰሌዳ ሲያጠፉ፣ የክፍሉን በር ሲዘጉ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር "ቲቸር፣ ራሴ ነኝ የጻፍኩት" የሚል ድምፅ ይሰማቸዋል። ዞር ሲሉ ማንም የለም። ፈሩ። ይፍሩ እንጂ! በመጨረሻ እናትየዋ እግር ላይ ወድቀው እውነቱን ሊነግሯት ቆርጠው፣ ቅዳሜ ጠዋት ጸጉር ቤቱ ሄዱ።

ልጅቷ ራሷ የደንበኛ ጸጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ነበር። ስታያቸው እጇ ለአፍታ ቆመ።

"ይቀመጡ ቲቸር" አለች፣ ለማንም እንደምትለው።

"አልቀመጥም ልጄ። በድዬሻለሁ። አልሰረቅሽም፤ አሁን ገብቶኛል። እናትሽን ጥሪልኝ፣ በራሴ አፍ ልንገራት።"

"ያኔ ለምኛት ነበር" አለች ልጅቷ፣ ጥቅለላዋን ሳታቋርጥ። "'ፊትሽ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ' አልኳት። 'አስተማሪሽን ትቼ አንቺን ላምን ነው?' አለችኝ።"

"እኮ፣ አሁን እነግራታለሁ። የት ናት?"

"አምና አረፈች።"

መምህሩ አልቀመጥም ያሉት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"አልጋ ላይ ሆና እጄን ይዛ ነበር" አለች ልጅቷ። "መጨረሻ ላይ ያለችኝ ምን እንደሆነ ያውቃሉ ቲቸር? 'ልጄ፣ እኔ ስሄድ ደግሞ እንዳትሰርቂ' ነው ያለችኝ።"